ሐሙስ ሐሙስ በሐረጎ

ሃያ ዓመት ነዳሁ፣ ኮምቦልቻ ደሴ፣
ጥምዙን አልቆጠርኩም፣ ታምኜ በራሴ።
እጄ ያውቀው ነበር የት እንደሚታጠፍ፣
የት ጭጋግ እንዳለ፣ የት ጭነት እንደሚያልፍ።

ልጄ ግን ቆጠረ።
ጋቢና ተቀምጦ፣ መስኮት ተደግፎ፣
አንዱን ጥምዝ ስንዞር፣ እምም ይላል አርፎ፤
ሌላው ሲመጣ ደግሞ፣ እምም፣ ከፍ አድርጎ፣
አንድ ሳይዘለል ያልቃል ሙሉው ሐረጎ።

ሙዓዝ ነው ስሙ። ስድስት ሞልቶታል።
ቢጠሩት አይዞርም፤ ቢያንጎራጉሩ ይሰማል።
የጫማ ክር እንጂ የሰው ዓይን አያይም፣
የለስላሳ ቆርኪ ሲደረድር ቢውል አይሰለችም።
ከድርድሩ አንዷን ያነሳህ እንደሆን ግን
ሰማይ ይደፋበታል። አያድርስ ነው፣ እሱንም እኛንም።

"አፉን ፈታ ወይ?" ሲሉን ዘመድ ጎረቤት፣
"ወንድ ልጅ ይዘገያል" አልናቸው ሁለት ዓመት።
ሦስተኛው ላይ ደግሞ፣ "አባቱም እንዲህ ነበር"፤
አራተኛው ላይ ዝም።
እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባ ጀመር።
ይገባ ጀመር እላለሁ፤
እኔ ነኝ ያስገባሁት። በሩን በዚህ እጄ ነው የዘጋሁት።

እናቱ ጦይባ ፋብሪካ ናት፣ ፈትል ክፍል፣
ከክር ጋር ስትሟገት ሌሊቱ ይነጋል።
አንድ ቀን ከፈረቃ መጥታ፣ ጥጡ ፀጉሯ ላይ እንዳለ፣
"ክር ሲተበተብ" አለችኝ፣ "ማሽኑ እየዞረ ከዋለ
ማታ ማን ይፈታዋል? ጠዋት ነው የሚያዩት።"
"ይሄ ልጅ ነው፣ ክር አይደለም" አልኳት።
"እሱን መቼ አልኩህ? የተተበተብነው እኛ ነን።"
ይህን ብላ ተኛች።
እኔ አልተኛሁም።

ደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊ በር፤
ነጭ ጋዋን ስጠብቅ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር
መምህርት እንጉዳይ። ስሙን አልጠራችም፣ "ና" አላለችም፣
ቆርኪ ከኪሷ አወጣች፣
ከእሱ መስመር ጎን የራሷን መስመር ጀመረች፤ አልቸኮለችም።
ግማሽ ሰዓት አለፈ። ዞሮ አያት።
ልጄ ሰው ሲያይ ያየሁት ያን ዕለት።

"ኦቲዝም ይባላል" አለችኝ፤ "እርግማን አይደለም፣
የናቱም ጥፋት አይደል፣ የማንም።
ሲፈጠር እንዲህ ነው፤ መንገዱን ተማርለት።
ብቻ በሁለት ዓመቱ ብታመጣው ኖሮ..."
ብላ ሳትጨርስ ተወችው።
እኔ ግን እስከ ዛሬ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር፣ እጨርሰዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ነው። መኪናው ሙሉ ሰው፣
ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ አስፋልቱን አልብሶታል።
ሙዓዝ እምም አላለም። ሰጋሁ። ጥምዝ አልፎናል።
ከደረት ኪሱ ስዕል አወጣ፣
ክንዴ ላይ አስቀመጠ፦
ኩባያ። ውሃ ያለበት ኩባያ።

ዳር ይዤ ቆምኩ።
ረዳቱ "ምን ተበላሸ?" ተሳፋሪው "ሰዓት ሄደ"፣
አንዱ "ቀጥ አድርገህ ብታሳድገው" ብሎ ፈረደ።
ጀሪካኑን ከፍቼ ቀዳሁለት።
ጠጣ፣ እስከ ጠብታው።
"ስድስት ዓመት" አልኩ ወደ ኋላ ዞሬ፣
"ምን እንደሚፈልግ ስገምት ኖሬ
ዛሬ ጠየቀኝ። የቸኮለ ካለ፣ መንገዱ ይኸው።"
ማንም አልወረደ።

ከኋላዬ አንዲት የደጋን ሴት፣
በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ ጎንበስ አለች ወደ ጆሮዬ፦
"የልጄ ልጅ... ትሽከረከራለች። ሰው አታይም። ሦስት ዓመቷ ነው።
ሰው ሲመጣ እኛም..." አለች።
ቀሪውን አውቀዋለሁ። በሩን አውቀዋለሁ።
"ሦስት?" አልኳት። "ገና ሦስት?"
ድምፄ ምን ሆኖ እንደሰማችው እንጃ፣ ማልቀስ ጀመረች።

ሰማያዊውን በር ነገርኳት፤ ደግሜ ነገርኳት፤
ሒሳቧን ለረዳቱ "ተዋት" አልኩት።
ከፊቴ ነጭ ብቻ ነው፣ ጭጋግ፣ መንገዱም የለ፤
ሙዓዝ
እምም አለ።
መሪውን አዞርኩ።